ከእመቤታችን እግር ሥር የተሣለው ሰው

ያ ክረምት ሲገባ ባለቤቴ ቤት መቀመጥ ተወ። ሌላ ሴት ለምዶ ቢሆን ኖሮ በወጉ ተጣልቼው፣ በሽማግሌ ታርቄው እገላገል ነበር። እሱ ግን ደመና ባየ ቁጥር ቤት ያለውን ቁርበት ሁሉ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣል። የምንተኛበትን ጀንዲ ሳይቀር ወሰደው። «እኛስ በምን ልንተኛ ነው?» ስለው፣ «እኛ ብንርስ እንደርቃለን» ይለኛል። እንዲህ ከሚመልስ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ሰው ፊት ስንሆን «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ካህን ነዋ። ቤት ስንገባ ግን አንተ ነው፤ ያን ክረምት ደግሞ ከአንተም የባሰ ብዬዋለሁ።

ሠዓሊ ነበር። አባቱም ሠዓሊ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ ሲኬድ ደጋው ላይ ባለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል በሙሉ የአባቱ እጅ ነው። ሥዕሉ ጭቃው ላይ በቀጥታ አይሣልም። የተፈተለ ጥጥ ይሸመንና ሸማው በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ቀለሙ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ውሃ ከነካው የሚሄደው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ሸማው ራሱ ከጭቃው ተላቆ ይንጠለጠላል። ሙጫውን ከቆዳ ቀቅዬ የማወጣው እኔ ስለነበርኩ ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። ሽታው ከቀሚሴ ለቆ አያውቅም።

ድሮ ጣራው አያስጨንቅም ነበር። ክረምት ሳይገባ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ሰንበሌጥ አጭዶ ያመጣል፤ ወንዶቹ ይወጣሉ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ይከደናል፤ ጠላው ይጠጣል። ጣልያን ከገባ ወዲህ ግን ጣራ ላይ የሚወጣ ወንድ ጠፋ። ጉልበት ያለው ዱር ገባ፤ ታናሽ ወንድሜም አንዱ ነው። ሰንበሌጡ የሚበቅልበትን ሜዳ ደግሞ የጣልያን ወታደር፣ ሶላቶው፣ «ሽፍታ ይደበቅበታል» ብሎ እሳት ለቀቀበት። የቀሩት ሽማግሎች ናቸው፤ እነሱን መሰላል ላይ ማውጣት መቃብር ማስቆፈር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጣራው ሁለት ክረምት ሳይታደስ ቀረ።

ውሃው የገባው በደቡብ በኩል ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ካለችበት ላይ። የመጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ቀለም በጉንጯ ሳይሆን፣ እግዜር ይመስገን፣ በክንዷ በኩል ወርዶ እግሯ ሥር ተጠራቀመ። ያን ቀን ባለቤቴ መጥቶ እህል አልቀምስ አለ። «የአባቴ እጅ እየሟሟ ነው» አለኝ። እንደዚያ ሲል ስለ ጀንዲው ያሰብኩት ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

በበጋው፣ ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ የጣልያን አስተርጓሚ ሣጥን ላይ ቆሞ አዋጅ ተናገረ። መንግሥት የጥንት አብያተ ክርስቲያናትንና ሥዕሎቻቸውን ከጥፋት ለመጠበቅ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና አናጢ ይሰጣል፤ የሚፈልግ ደብር ሰው ይላክ፤ ዋጋ አይጠየቅም። አጠገቤ ጨው የምትሸጥ ሴት፣ «ዓምና በአውሮፕላን መትቶ ዘንድሮ ሊጠግን ነው?» ብላ ወደ ጨውዋ ተመለሰች። እኔም እንደሷ ነበር ያሰብኩት። ባለቤቴ ግን የያዘውን ድንች እዚያው መሬት ላይ ትቶ አስተርጓሚው ዘንድ ሄደ። ድንቹን ለቅሜ ብቻዬን ቤት ገባሁ።

ነገሩ ደጀ ሰላም ላይ ተመከረበት። ገበዙ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃና ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ ሥርዓት የሚሉት ነገር ነፍሳቸው ነበር። መቋሚያ ቦታውን ስቶ ቢቆም የሚቆጡ ሰው ናቸው። ሽማግሎቹ «የጠላት ቆርቆሮ ለእመቤታችን?» ብለው ተነሱ። አንዱ «ብትፈስም የኛ ናት» አሉ። ባለቤቴ ጉባኤ ላይ ተናግሮ አያውቅም፤ ከሰው ፊት ሲቆም ድምፁ ይጠፋዋል። ያን ቀን ግን ቆመና፣ «ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ አሁን ይነሳ፤ ሣሩን ከየትም ብዬ አመጣለሁ» አለ። የተነሳ የለም። ገበዙም «እንግዲያስ ይጠየቅ» አሉ።

ቆርቆሮውን የሚያድለው ሹም በዕድሜ የገፋ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን ጣልያን ነበር። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሥዕሉ ፊት ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጫማውንም ማንም ሳይነግረው አወለቀ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ፎቶግራፍ አነሳ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር! እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሰውየው ሥዕሉን ወዶታል። የባለቤቴን እጅ ይዞ ቀለም የበላውን ጥፍሩን አየና የሆነ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው ግን ሳይተረጉመው ቀረ።

ቆርቆሮው በካሚዮን እስከ መንገዱ መጣ፤ ከዚያ በአህያና በሰው ጫንቃ ወጣ። በሰኔ ወር መጀመሪያ ተመቶ አለቀ። ክረምቱ ሲወርድ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ባለቤቴ ጀንዲያችንን መለሰ፤ ገምቶ ነበር፤ እሱ እንኳ ደስ አለኝ።

ደስታው ግን የእኛ ብቻ ሆነ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኒቱን «የጣልያን ቤት» ማለት ጀመረ። ጥቂት ቤተሰቦች ቅዳሴያቸውን ወደ ሌላ ደብር አዞሩ፤ ሙታናቸውንም እዚያ ወስደው መቅበር ጀመሩ። ማን እንደሚወረውር ሳይታወቅ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ያርፍና በቅዳሴው መሃል ልባችንን ስንጥቅ ያደርገዋል። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። እንስራዬን ሞልቼ ስሸከም የሚያግዘኝ ጠፋ። ወንድሜ ዱር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ለአገር ደሙን ሲያፈስ እህቱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣለች ይሉኛል። ልጅ የሌለኝ ያኔ ነው ደስ ያለኝ፤ ቢኖረኝ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያድግ ነበር።

ሹሙ ሥራውን ሊያይ የመጣው በነሐሴ፣ የፍልሰታ ማርያም ለት ነው። ገበዙ እየመሩ አስጎበኙት። እኔ በሴቶች በኩል ደቡብ በር ላይ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ሹሙ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ፊታቸውን ወደ ሰው ያቀኑትን ትንንሽ ሰዎች እያሳየ ጠየቀ። ገበዙ በኩራት ማስረዳት ጀመሩ። «እኒህ እንጨቱን የሰጡ ጌታ ናቸው፤ እኒህ እመቤቲቱ ናቸው። ይቺ ደግሞ ለሸማው የሚሆነውን ጥጥ ብቻዋን የፈተለች ባልቴት ናት። ለዚህ ቤት የሰጠ ሁሉ ከእግሯ ሥር ይሣላል፤ ጌታ ባሪያ የለም፤ ሥርዓታችን ነው» አሉ። ይህን ሁሉ ማን ጠየቃቸው? «ደጋግ ሰዎች ናቸው» ብለው ቢያልፉ ኖሮ ቤቴ አይፈርስም ነበር። ሥርዓት አይሸፈንም ብለው ነው፤ እሳቸው እንዲያ ናቸው።

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ሹሙም ከባልቴቷ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳየና ፈገግ ብሎ ተናገረ።

«ጌታው ‹እኔስ የት ነኝ?› ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

የገበዙ ፊት አመድ ሆነ። ሹሙ አልተቆጣም፤ አላስፈራራም። ለኅዳር ማርያም መጥቼ አየዋለሁ ብሎ የሁሉንም እጅ ጨብጦ ሄደ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙት ባንዶች ግን ቆርቆሮውን ቀና ብለው እያዩ፣ ወደ ባለቤቴም እያዩ ነበር የሄዱት። ያን አስተያየት ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

በማግስቱ ገበዙ ቤታችን መጡ። የሰጠኋቸውን ሳይቀምሱ ተናገሩ። «ልጄ፣ መሣሉ አይቀርም። ሰውየው ስላለ አይደለም። የሰጠ ሰው ሳይሣል ከቀረ ቤቱ ዘላለም የእሱ ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል። ሥለነው እንገላገለው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሣሣሉን ግን አንተ ታውቃለህ። በአንድ ዓይን አድርገው።»

የኛ አገር ሥዕል ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጻድቅ ሰው ፊቱ ቀጥ ብሎ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም፣ ፊታቸው በጎን ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሣልላቸው። ጣልያኑ ይህን አያውቅም፤ መልኩን አይቶ ደስ ይለዋል። የኛ ሰው ግን ገና ከበር ሲያየው ይገባዋል። እኔ ይህን ስሰማ «አባቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ባለቤቴ ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዝም ማለቱን እሺ ማለት አደረግሁት፤ ሌላ ምን ላድርገው?

በመስከረም ወንድሜ እንደ ገበሬ ለብሶ፣ ሞፈር ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ከስቷል፤ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሲበላ ቆየና፣ «እታለም፣ ወሬው ደርሶናል» አለኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ዱር ያለው አለቃዬ ጣራውን ትቶታል። ቤቱ የእመቤታችን ነው፤ ማንም ይክደነው ብሏል። ሰውየው መሣሉንም ተገድደው ነው ይላል። ነገር ግን ጻድቅ አድርገህ ከሣልከው እኔ ልይዝልህ የምችለው ነገር የለም።» ባለቤቴ ሌላ እንጀራ ጨመረለት። «ብላ፣ ከስተሃል» አለው። ወንድሜ ሞፈሩን አንስቶ ሄደ።

ጥቅምት ሲገባ ሥራውን ጀመረ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀለሙን ሲበጠብጥ መበጥበጫው ከጥዋው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። ያ ሰው ሲፈጥረውም ፈሪ ነው። በሬ ሲያገሳ የሚሸሽ፣ ዶሮ ለማረድ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነበር። ስለዚህ እጁን ሳይ፣ ይህ ሰው እንኳን በአንድ ዓይን በግማሽ ዓይንም ቢሆን ይሥለዋል ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨርሶ መጣና እጁን ሲታጠብ ጠየቅሁት።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«በጎን ነው አይደል?»

«ቀጥ አድርጌ ነው።»

ሙጫ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን ጣልኩት። «ሁለት ዓይን?»

«ሁለት ዓይን ነው ያለው» አለ። «ከእግሯ ሥር የተደፋ ሰው ነው። እሷ ዘንድ የተደፋን ሰው ፊቱን እኔ ላዞርበት?»

«እሱ እሷ ዘንድ አልመጣም! አገር ሊቀማ ነው የመጣው።»

«እሱን እሷ ታውቃለች። እኔ የምሥለው የሰጠውን ነው። ሰጥቷል።»

ያልተናገርኩት ነገር የለም። አባትህ ሥዕል ሲያስተምሩህ ማሰብን ማስተማር ረስተዋል አልኩት፤ ለአባቱ ነፍስ ይማርና። ከዚያ ደግሞ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ተመለስና አንዱን ዓይን በጥቁር ሸፍነው፣ አንዲት መስመር ናት፣ ወንድሜ ያለውን ሰምተሃል አልኩት። «ሰምቻለሁ» አለ። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቁጭ አለ። ውሃ ስሰጠው ግማሹን ልብሱ ላይ አፈሰሰው። እኔ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላ ምስክር የለውም።

ኅዳር ማርያም ለት ሹሙ መጣ። ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ ራሱን አየ። ምን እንዳሰበ እንጃ፤ አንዲት ቃል ሳይናገር ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ ተባለ፤ ዳግመኛ አላየነውም። አመሰገነ ብል እዋሻለሁ። የኛ ሰው ግን እየተጋፋ ገብቶ አየ፤ ሁለት ዓይን። መጀመሪያ የተናገሩት ገበዙ ናቸው። «እኔስ በአንድ ዓይን ብዬው ነበር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ የእሳቸውን ጉልበት ስሜ አላውቅም።

እህል ከአውድማ ሳይገባ ወንድሜ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ባለቤቴ ገለባ እየሰበሰበ ነበር። «እታለም» አለኝ ወንድሜ፣ «አለቃዬ ጥቂት ነገር ይጠይቀዋል። እኔው እወስደዋለሁ፤ እኔው እመልሰዋለሁ።» ባለቤቴ ኩታውን ሲያጣፋ ጫፉ ከእጁ እያመለጠ አስቸገረው፤ እኔ አጣፋሁለት። አብሬ ልሂድ ስል ወንድሜ፣ «የወንዶች ጉዳይ ነው፤ ከብቱን ማን ይይዛል?» አለኝ። ከብቱ! ሁለት ላምና አንድ ጥጃ ነበረን። እነሱን ይዤ ቀረሁ።

ወንድሜ ብቻውን ሲመለስ ቤት አልገባም። ደጃፉ ላይ፣ ደንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገና ሳይናገር ባለቤቴ እንደሞተ አወቅሁ። ሬሳውን ከደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ ከማናውቀው ደብር ቀብረውታል። የኛ ደብር ፍትሐት አላደርግለትም ብሎ ነው። ቆርቆሮ ያስከደነላቸውን ሰው አጥሩን አናስገባም አሉ፤ ገበዙ ናቸው ያሉት፣ ለሥርዓት።

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። አለቃው ሊገድለው አልፈለገም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ዘመድም አለው ብሎ መውጫ ሰጥቶታል። «ፈርቼ ነው በል» ብሎታል። «ጣልያንን ያልፈራ የለም። ፈርቼ ነው ካልክ ማንም አይፈርድብህም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።» ባለቤቴ፣ «ፈሪስ ፈሪ ነኝ። ዓይኑን ግን ፈርቼ አልሣልኩትም» አለ። ደግመው ጠየቁት። ወንድሜ ከኋላው ሆኖ «በል፣ ወንድሜ፣ በል» እያለ ይለምነው ነበር። ያንኑ መለሰ። ድምፁ አይሰማም ነበር አለኝ፤ ጠጋ ብለው ነው የሰሙት።

ወንድሜን መታሁት። ደረቱን፣ ፊቱን፣ ያገኘሁትን። እጁን አላነሳብኝም፤ አለቀሰ። በኋላ አገር ነፃ ሲወጣ ትልቅ ሰው ሆነ፤ እስኪሞት ድረስ እህሌን አላቋረጠብኝም። እበላዋለሁ፤ ምን ላድርግ። ጣልያኑን ከሥዕሉ ላይ በቢላ ፋቁት፤ ሲፍቁት ሸማው ተቀዶ የባልቴቷም ግማሽ ፊት ሄደ። ቆርቆሮውን ግን ማንም አላወረደውም። ወደ ሌላ ደብር ሄደው የነበሩት ቤተሰቦች ሁሉ ተመልሰው ዛሬ እሱ ሥር ያስቀድሳሉ።

ሰዎች ስለ ባለቤቴ ሲያወሩ ዛሬ ዛሬ ጀግና ነበር ይሉኛል። ጀግናቸውን ይዘው ገደል ይግቡ። ፈሪ ነበር፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እጁን አይቻለሁ፤ ጉልበቱን አይቻለሁ፤ ውሃ ልብሱ ላይ ሲያፈስ አይቻለሁ። እኔን ቢጠሩኝ ኖሮ በእግሬ ሮጬ፣ አለቃው ፊት ቆሜ፣ ፈርቶ ነው፣ ዓይኑንም ፈርቶ ነው የሣለው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እምል ነበር። በእመቤታችን ስም በሐሰት እምል ነበር። ሲኦል ብገባ እገባ ነበር። እሱ አንዲት ቃል መዋሸት አቃተው፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም።